አሮጌው ድራይቨር ይቀየር

በአውቶቡስ ድርጅቱ ውስጥ «ቁጥቧ» የሚሏት ከገንዘብ ጋር በተያያዘ አይደለም። ገንዘብማ እጇ ላይ አያድርም። የምትቆጥበው ቃል ነው። «እንዴት አደርሽ?» ሲሏት «ደህና» ትላለች፤ «አንተስ? ልጆችህስ?» የሚለውን ጠያቂው ራሱ ሞልቶ እንዲሄድ ትተውለታለች። ባሏ ለትዳር የጠየቃት ቀን ስለ ፍቅር፣ ስለ ጎጆ፣ ስለሚወለዱት ልጆች ሲያወራ ቆይቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ ሲጨርስ «እሺ» አለችው ይባላል። «እሺ ምን?» ቢላት «እሺ ነዋ» አለች። ባልየው እስከ ዛሬ «ንግግሯን በእጥፍ ያሳደግኩት እኔ ነኝ» እያለ ይኮራል።

አመሉ የመጣባት ከቲኬት መስኮት ነው። ድርጅቱን የተቀላቀለችው ቲኬት ቆራጭ ሆና ነበር፤ በመስታወቱ ላይ ባለችው ክብ ቀዳዳ በኩል ብዙ የሚያወራ ሰው ሰልፉን ያስቆጣል። «ወዴት?» «ስንት ሰው?» «ቀጣይ።» በቃ። በኋላ ኮምፒውተር መጣ። ሌሎቹ ቆራጮች እንደሚናከስ ውሻ በሩቁ ሲያዩት እሷ ተጠጋችው። ነካ ነካ አደረገችው፣ ሲበላሽ አስተካከለችው፣ ሲስተካከል ደግሞ አበላሽታ አየችው። እንዲህ እንዲህ እያለች ሁለተኛ ፎቅ ወጣች። አሁን የዳታቤዙ ኃላፊ ናት፤ ማለትም በየአውቶቡሱ ካለው የካርድ ማንበቢያ የሚመጣው ተሳፋሪና ምልልስ ሁሉ የሚጠራቀምበትን ማከማቻ ትጠብቃለች። ክፍሏ ከመኪና ማጠቢያው በላይ ነው። አውቶቡስ በገባ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ የሻይ ብርጭቆዋ ሳህኑ ላይ ይንቀጫቀጫል፣ የሳሙና ሽታ ከታች ሽቅብ ይመጣል።

እዚያው ድርጅት ውስጥ ዘመድም አላት። የዳገቱን መስመር የሚነዱት ሽማግሌ የባሏ አባት ናቸው። «አባ ዝግታ» ይባላሉ። በድርጅቱ አሮጌ አውቶቡስ፣ ሌላ አውቶቡስ በማይገባበት ጠመዝማዛ መንገድ፣ ወደ ላይኛው ሰፈር ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። እንቁላል የያዘች ሴት ከእሳቸው ጋር ሳትፈራ ትሳፈራለች፤ የቸኮለ ሰው ግን ሲያያቸው በእግሩ መሄድ ይጀምራል። ጡረታቸው ከደጅ ቆሟል፤ እሳቸው ግን ስሙን መጥራት አይወዱም። «ከዚህ መሪ ላይ እሱ ራሱ መጥቶ ያንሳኝ እንጂ ሰው አያነሳኝም» ይላሉ። ከዳገቱ መስመር ሌላ ከድርጅቱ የሚፈልጉት ነገር የለም።

ቁጥቧና ባሏ የሚኖሩት እሳቸው ግቢ ውስጥ ነው። ሁለቱ ቤቶች በር ለበር ይተያያሉ፤ በዚህኛው ሰው ሲያስነጥሰው ከዚያኛው «ይማርሽ» ይባላል። «ይማርሽ» የሚሉት ሁልጊዜ የአባ ዝግታ ሚስት ናቸው። ሰፈሩ «እማማ ዜና» ይላቸዋል። የምራታቸውን የወሬ ድርሻ ጨምረው እሳቸው ያወሩላታል።

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ «ባጭሩ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጊዜ የለውም እንጂ። ከስብሰባ ወደ ስብሰባ በደረጃ ላይ ሲሮጥ ነው የሚገኘው፤ ሰው አፉን ሲከፍት «ባጭሩ!» ይላል። አንድ ሌላ ልማድ አለው፤ «ሹፌር» ማለት አይሆንለትም። ቃሉ የሠራተኛውን ክብር የሚቀንስ ይመስለዋል። በስብሰባ ላይ «ድራይቨሮቻችን» ሲል ሹፌሮቹ ስለ ማን እንደሚያወራ ለማወቅ ዞር ዞር ይላሉ።

ታዲያ ድርጅቱ አዲስ የሪፖርት ፕሮግራም አስመጣ። ከዳታቤዙ እየቀዳ የየመስመሩን ምልልስና ተሳፋሪ በየወሩ አሳምሮ ያወጣል። ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ አንድ ነገር ብቻ አልጥም አለ፤ የዳገቱ መስመር የወሩ የመጨረሻ ቀን ባዶ ነው። ሰው የለም፣ ምልልስ የለም። በቀጣዩ ወርም እንዲሁ። ባጭሩ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ መጥቶ በሩን ሳይገባ ከፈተው።

«የዳገቱ መስመር መጨረሻ ቀን ላይ ምን ይሆናል? የበላይ ቦርዱ እየጠየቀኝ ነው። እይልኝና ላኪልኝ። ባጭሩ!»

«እሺ» አለች።

መጀመሪያ የጠረጠረችው የአውቶቡሱን ማንበቢያ ነበር። ወርዳ የአማቷን አውቶቡስ ማጠቢያው አጠገብ አገኘችው።

«ምን ጠፋብሽ?» አሏት አባ ዝግታ።

«ላየው ነው።»

«ማንን? እኔን ወይስ ሳጥኑን?»

«ሳጥኑን።»

«እኔንማ ማን ይየኝ!» ብለው ሳቁ። ሳጥኑ ደህና ነበር።

ወደ ክፍሏ ተመልሳ ዳታቤዙን ከፈተች። የመጨረሻው ቀን እዚያው አለ፤ ተሳፋሪው እንደ ሌላው ቀን ጢም ብሏል። ዳታቤዙ ያውቃል፣ ሪፖርቱ አያውቅም። ወሬው መሃል መንገድ ላይ ይቆረጣል ማለት ነው። ሪፖርቱን በየዓይነቱ ጠየቀችው። «ሠላሳን ብቻ አምጣ» ስትለው ባዶ። «ከሃያ ስምንት እስከ ሠላሳ» ስትለው ሁለት ቀን ብቻ። «እስከ ቀጣዩ ወር አንድ» ስትለው ግን ያ የጠፋው ሠላሳ ምንም እንዳልተፈጠረ ከች አለ። ያኔ ገባት፤ ጠላትነቱ ከሠላሳ ጋር አይደለም፤ መጨረሻ ላይ የተቀመጠ ቀን ሁሉ ይጠፋል።

ለምን የዳገቱ መስመር ብቻ? የአዳዲሶቹ አውቶቡሶች ማንበቢያ ቀኑን ብቻ ይመዘግባል። የአባ ዝግታ አሮጌ ሳጥን ግን ቀኑን ከነሰዓቱ፣ ከነደቂቃው ይጽፋል። ሪፖርቱም ሲጠይቅ በወጉ ነው የሚጠይቀው፤ «እስከ ሠላሳ፣ ቀኑ እስኪያልቅ ድረስ» ይላል። ዳታቤዙ ጋ የሚደርሰው ቃል ሲታይ ግን «እስከ ሠላሳ» ብቻ ነው። «ቀኑ እስኪያልቅ» የምትለዋን አንዱ መንገድ ላይ ጥሏታል። ማሽን ደግሞ እንደ ሰው ይሉኝታ የለውም፤ «እስከ ሠላሳ» ካሉት ሠላሳ የምትባለው ቀን ዓይኗን በገለጠችበት ቅጽበት በሩን ይዘጋል። ሰዓት ያልተጻፈባቸው የአዲሶቹ አውቶቡሶች መዝገቦች በዚያችው ቅጽበት ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ስለሚቆጠር ይገባሉ። ሰዓቱን ይዞ የመጣው የዳገቱ መዝገብ «አርፍደሃል» ተብሎ ውጭ ይቀራል።

የጣለውን ለማግኘት ብዙ አልደከመችም። በሪፖርቱና በዳታቤዙ መካከል ጥያቄና መልስ የሚያመላልስ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ የሙያው ሰዎች ድራይቨር ይሉታል። የድርጅቱ ድራይቨር የተሠራው ቀን ያለ ሰዓት በሚላክበት ዘመን ስለነበር፣ ሰዓት ሲጫንበት ትርፍ ዕቃ እየመሰለው ያራግፋል። አዲሱ ሪፖርት ሲገባ እሱን የቀየረው ሰው አልነበረም። አዲስ ድራይቨር አውርዳ ለብቻው ሞከረችው፤ ሠላሳ በሙሉ ተሳፋሪዋ ወጣች። ለመቀየር የቀረው የአለቃ ፈቃድ ነው።

ስልኳን አነሳችና ለባጭሩ ጻፈች፦

«የዳገቱ መስመር ችግር ከድራይቨሩ ነው። አሮጌ ነው። ከአዲሱ አሠራር ጋር አይግባባም። የወሩን የመጨረሻ ቀን ይዘላል። ይቀየር።»

«የኮምፒውተሩ» የምትል አንዲት ቃል ብትጨምር ኖሮ ይህ ሁሉ ወሬ አይኖርም ነበር። ለቁጥቧ ግን አንዲት ቃል አንዲት ቃል ናት።

ባጭሩ መልእክቱን ያነበበው ደረጃ ላይ ነው። የዳገት መስመር፣ አሮጌ፣ ድራይቨር፤ ሁሉም እንደ ቁልፍና ቀዳዳ ገጠመለት። ደነገጠ። ልጅቷ የሽማግሌው ምራት መሆኗን ያውቃል። ቆም ብሎ መለሰላት።

«ማስተካከል አይቻልም?»

«አይቻልም። ጊዜው አልፎበታል።»

«ምትክ አለ?»

«አለ።»

«ሲወጣ ግርግር አይፈጠርም?»

«ሲወጣ ማንም ልብ አይለውም።»

ባጭሩ መልሷን ደግሞ አነበበው። በሥራ ዘመኑ እንዲህ ዓይነት ሰው አላጋጠመውም። «ፈቅጃለሁ» ብሎ ጻፈላት፤ እሷም ከሰዓት በኋላ ድራይቨሩን ቀየረችና ሻይዋን ጠጣች። እሱ ለቦርዱ ሰብሳቢ ደውሎ «ጥፋቱ ተገኝቷል፣ አሮጌው ድራይቨር ይቀየራል» አለ። ከዚያ ለስምሪት ኃላፊው መልእክቶቿን አንብቦለት ትእዛዙን ሰጠና፣ ራሱን መግታት ሳይችል ቀርቶ አንድ ቃል ጨመረ፤ «ለሥራዋ ስትል አማቷን! እንዲህ ያለ ቆራጥ ሰው ነው የሚያስፈልገን።»

ወሬ ከአባ ዝግታ አውቶቡስ ይፈጥናል። ስምሪት ለመካኒኩ ነገረ፣ መካኒኩ ለጎማ ለዋጩ። አጣቢዎቹ ጋ ሲደርስ «አማቷን ሰደበቻቸው» ሆኗል። በረኛው ጋ ሲደርስ ከባሏ ልትፋታ ነው።

አባ ዝግታ የመጨረሻ ምልልሳቸውን ጨርሰው ቁልፍ ሊያስረክቡ ስምሪት መስኮት ጋ ቆሙ።

«ከሰኞ ጀምሮ የዳገቱን መስመር ሌላ ሰው ይይዘዋል» አላቸው ኃላፊው፣ ዓይናቸውን ሳያይ። «እርስዎ እስከ ጡረታዎ ድረስ በር ላይ ይቀመጣሉ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«በወሩ መጨረሻ ቀን አይሠሩም ተብሏል።»

«እኔ? የመውጫ ወረቀት የምትሰጠኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

«እኔማ እሰጥዎታለሁ። አልሠሩም ያለው ኮምፒውተሩ ነው።»

«ኮምፒውተሩን የሚይዘው ማነው?»

ኃላፊው ጣሪያውን አየ። ከጣሪያው በላይ ሁለተኛ ፎቅ ነው።

አባ ዝግታ ወደ ቤት የሄዱት በሌላ ሰው አውቶቡስ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነው። ሲደርሱ ለሚስታቸው የተናገሩት ነገር ቢኖር «ልጁ ፍሬን ሲይዝ አንገቴን ነቀለው» የሚል ብቻ ነበር። የቀረውን እማማ ዜና ከራሳቸው ምንጮች አጣርተው ጨረሱ።

ቁጥቧ ግቢ የገባችው ደስ ብሏት ነው። ቆንጆ ሥራ ሠርታለች፤ ለባሏ እንዲያውም በሁለት ዓረፍተ ነገር ልታወራለት አስባ ነበር። እማማ ዜና በሩ ላይ ቆመዋል።

«መጣሽ?»

«መጣሁ።»

«ግቢ እስቲ። ግቢ፣ ግቢ።»

ገባች። አባ ዝግታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀምጠዋል። ባሏ ከአባቱና ከእናቱ መሃል ሆኖ ንጹሑን ማንኪያ ይወለውላል። ሾርባው ተቀድቷል፤ የነካው የለም።

«የኔ ልጅ» አሉ እማማ ዜና፣ «እኛ አንድ ቃል ስንለምንሽ ዓመት ታስጠብቂናለሽ። አባትሽ ላይ ሲሆን ነው እንዲህ አፍሽ የሚፈታው?»

«ምን አልኩ?»

«አሮጌ ነው አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«ወይ ጉዴ! ብያለሁ ትለኛለች! አይግባባም አላልሽም?»

«አይግባባም እኮ።»

«ሲወጣ ማንም ልብ አይለውም አላልሽም? ፊቴን እያየሽ ካጂ!»

«ምኑን ልካድ? ተቀየረ፣ ማንም ልብ አላለም።»

እማማ ዜና ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። ባልየው ማንኪያውን አስቀመጠ። ከግድግዳው በኩል ዝግ ያለ ድምፅ መጣ።

«ተያት። እውነቷን ነው። አሮጌ ነኝ።»

ቁጥቧ የአማቷን ጀርባ አየች። የእማማ ዜናን ፊት አየች። ያቺ ያልተጨመረች ቃል ምን ላይ እንዳረፈች ያኔ ታያት።

«አባዬ፣ እርስዎን አይደለም!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባልየው ለሚሰማው ሁሉ ይተርከዋል። ሚስቱ አወራች። ቃሉ መጀመሪያ እርስ በርሱ እየተጋፋ፣ በሩን አጥቶ፣ በኋላ እንደ ተከፈተ ቧንቧ። ስለ ሠላሳ፣ ስለ «እስከ»፣ ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ሰዓቱ አወራች። እማማ ዜና በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መሃል የሚገቡበት ቦታ አጡ። አባ ዝግታ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ቆይ» አሉ። «ድራይቨር ማለት ሹፌር አይደለም እንዴ?»

«ነው። ይኼኛው ግን ሰው አይደለም። ፕሮግራም ነው።»

«ምን ይነዳል?»

«ምንም አይነዳም። ጥያቄ ወስዶ መልስ ያመጣል።»

«ማመላለስስ ያመላልሳል።»

«አዎ።»

«እና የመጨረሻው ፌርማታ ሳይደርስ ያዞራል በይኛ።»

ቁጥቧ በሦስት ገጽ ልታስረዳው የምትችለውን ነገር እሳቸው በአንድ ማዞሪያ ጨረሱት። «አዎ አባዬ። እሱ ነው።»

«እኔ እንደዚያ አድርጌ አላውቅም» አሉ።

እማማ ዜና ግን አላመኑም። «ሰው ያልሆነ ሹፌር! ይቺ የሽፋን ወሬ ናት» አሉና ሾርባውን ሊያሞቁ ተነሱ። እውነትም ይሁን ሽፋን፣ ሰኞ መምጣቱ አይቀርም፤ ቁልፉም ስምሪት ጋ ነው።

በማግስቱ ቁጥቧ ባጭሩን ደረጃው ላይ ጠበቀችው።

«ባጭሩ!» አለ ሳይቆም።

«ባጭሩ አይሆንም። ይቀመጡ።»

ሰውየው በድንጋጤ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ኮምፒውተሯን ጭኑ ላይ ዘረጋችለት። የዳገቱ መስመር፣ የወሩ መጨረሻ ቀን፣ ምልልሱም ተሳፋሪውም ሙሉ። ስለ ትንሹ ፕሮግራም ነገረችው፤ አንድም ቃል አልቆጠበችም። ባጭሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ አደረገው፣ መልሶ አወለቀው።

«እና ድራይቨሩ...»

«ትናንት ቀየርኩት። ፈቅደውልኛል።»

«ሰውየው?»

«እሳቸው አንድም ቀን አልቀሩም።»

«እኔ ለቦርዱ ድራይቨሩ ይቀየራል ብያለሁ! አሁን ደውዬ ምን ልበል? ቃሉን በስህተት ተረዳሁት ልበል?»

ይህ ለእሱ ቀላል ነገር አልነበረም። ሰውን ሁሉ ሳይሰማ የሚያልፍ አለቃ አለመስማቱ አንድ ቀን እንዲታወቅበት አይፈልግም። እዚያው እንደተቀመጠ ስልኩ ጮኸ። የቦርዱ ሰብሳቢ ነበሩ፤ ድምፃቸው ለቁጥቧም ይሰማል።

«ያ አሮጌ ድራይቨር ተቀየረ?»

ባጭሩ ቁጥቧን አያት። ቁጥቧ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«አዎን» አለ። «ተቀይሯል።»

«ቁጥሩስ?»

«ተስተካክሏል። ይኸው እያየሁት ነው።»

«አቤቱታ አቀረበ?»

«ኧረ የለም። አላቀረበም።»

«ጨዋ ሰው ነው» አሉ ሰብሳቢው። «ሲሸኝ ጥሩ ነገር አድርጉለት።»

«እሺ» አለ ባጭሩ፤ ስልኩን ዘጋና ወዲያው ስምሪት ጋ ደወለ። ለስምሪት ያለው ነገር አጭር ነበር፤ ቁልፉን ለሽማግሌው መልስ።

በድርጅቱ የበላይ መዝገብ የዳገቱ መስመር አሮጌ ድራይቨር ተቀይሯል። በዳገቱ ላይ ግን ሰኞ ጠዋት አባ ዝግታ ነበሩ። መተካታቸውን የሰሙ ተሳፋሪዎች ሲገቡ ፊታቸውን እያዩ ይደናገጣሉ። አንዲት እንቁላል ሻጭ «ተነሱ ሲሉ ሰምቼ ዛሬ ባዶ ቅርጫት ይዤ መጣሁ» አለቻቸው። እማማ ዜናም ወሬውን በራሳቸው መንገድ አደላደሉት፤ «የባሌን ቀን እየሰረቀ የሚጥል አንድ ሽማግሌ ቢሮ ውስጥ ተደብቆ ኖሮ፣ ምራቴ አንገቱን ይዛ አስወጣችው» ይላሉ። ማረም የሞከረ ሁሉ ተሸንፏል።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን አባ ዝግታ ሥራ ጨርሰው ሁለተኛ ፎቅ ወጡ። ከዚህ በፊት ወጥተው አያውቁም። ቆባቸውን አውልቀው ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«የታለ?» አሉ።

«ማን?»

«የሥራ ባልደረባዬ።»

ቁጥቧ ፈገግ አለች። «የለም አባዬ። አጠፋሁት።»

«ስንት ዓመት ሠራ?»

«ብዙ። እኔ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ።»

«ቀርቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ሰክሮ፣ ተጋጭቶ፣ ሰው ተሳድቦ?»

«ኧረ በፍጹም።»

«ሰዓት የሚባል ነገር ሳይመጣ በፊት የተቀጠረ ነው። ማንም ሳይነግረው ሰዓት ጫኑበት።»

«አዎ።»

አባ ዝግታ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከታች አውቶቡስ ገባና መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ቆባቸውን በጉልበታቸው ላይ ሲያዞሩ ቆዩ።

«ተጫነ፣ ተነሳ። አንድ ሻይ የለ፣ አንድ ደህና ሁን የለ።»

ቁጥቧ ፕሮግራም ሻይ እንደማይጠጣ ልትነግራቸው ትችል ነበር። አልነገረቻቸውም።

«የእኔም እየደረሰ ነው» አሉ። «አውቃለሁ፣ አትደንግጪ። ብቻ ሲደርስ ከዚያ ጣሪያ ከሚያይ ሰው አልስማው። ቀደም ብለሽ አንቺ ንገሪኝ። ምን እንደተባለ፣ ማን እንዳለ፣ ለምን እንደተባለ፤ ሳታስቀሪ።»

«እነግርዎታለሁ፣ አባዬ። እርስዎ ጋ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እነግርዎታለሁ።»

«መጨረሻውን ጨምሮ?»

«ጨምሮ።»

ተነሱ፤ የደረጃውን ብረት ይዘው በራሳቸው ፍጥነት ወረዱ። ከታች አጣቢዎቹ የአሮጌውን አውቶቡስ መስኮት ሳይዘጉ ውሃ እየለቀቁበት ነበር። ሲቆጧቸው ድምፃቸው እስከ ሁለተኛ ፎቅ ተሰማ።